ሁለት ዓይን ያለው አንበሳ

የመቃብር ድንጋይ እጽፋለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ተቀምጬ፣ የሰው ስምና የሰው ዕድሜ በመሮ እብነ በረድ ላይ እቀርጻለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያላወቅኩት ነገር ሲገጥመኝ የምወቅሰው መምህር የለኝም።

አንድ ሕግ አለኝ። ያልተረጋገጠ ነገር ድንጋይ ላይ አልጽፍም። ወረቀት ይቀደዳል፣ ወሬ ይረሳል፤ ድንጋይ ላይ የሰፈረ ውሸት ግን ከዋሸውም ከተዋሸለትም በላይ ይኖራል። አባቱ አሥር አለቃ ሆነው ሳለ «ሻምበል ብለህ ጻፍልኝ» ያለኝን ሰው መልሼዋለሁ። «ለድሆች አባት የነበሩ» የሚል ሲመጣልኝም «የትኞቹ ድሆች?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ የተነሣ ሥራዬ ብዙ አይደለም። ልጆቼን ያሳደግኩት ግን በዚሁ ሥራና በዚሁ ሕግ ነው። ሁሉም ደህና ሰዎች ሆነዋል፤ ሁሉም ሥራ የያዙት ሩቅ አገር ነው።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም በወጣትነታቸው መድፈኛ ነበሩ። በምሥራቁ ጦርነት ተዋግተው ሲመለሱ ደብረ ኤልያስ አጠገብ በአባታቸው መሬት ላይ ገበሬ ሆኑ። ቀኝ ጆሯቸውን መድፉ ወስዶታል። በግራው የሚሰሙት ሲፈልጉ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መጡና፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ከሱቄ በር ላይ ቆመው፣

«የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው» አሉ።

ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። እሳቸው ሲሞቱ መንገዱ ይዘጋ ይከፈት፣ ማን ይድረስ ማን ይቅር አይታወቅም። ስለዚህ የራሳቸውን ተዝካር በሕይወት ሳሉ፣ እህሉ ሲሰበሰብ ሊደግሱ ቆርጠዋል።

«ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ሰው ይበላል፣ እኔም ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እበላለሁ። የተዝካሩን ጠላ የጠጣ ሟች አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ታያለህ። ድንጋዩን አንተ ትሠራዋለህ። ስሜን ትጽፍና ከላይ የባትሪያችንን ምልክት ታደርጋለህ።»

ባትሪ ማለታቸው መድፎቹን ይዞ አብሮ የሚንቀሳቀሰውን የመድፈኛ ክፍል ነው።

«ምልክቱ ምን ነበር?» ብዬ ጮህኩ።

«አንበሳ። ከሥሩ ሁለት መድፍ የተመሳቀለ።»

«ምን ዓይነት አንበሳ?»

«አንበሳ ነዋ! አንበሳ አታውቅም እንዴ?»

ማስረጃ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ምልክቱ የተሰፋበት ጃኬት ከኮርቻ ሥር መደላደያ ሆኖ ማለቁን ነገሩኝ። ያለ ማስረጃ እንደማልቀርጽ ስነግራቸው ያልሰሙኝ መሰሉ። የሰማችው ሚስቴ ነች።

«ወንድሜን ነው ማስረጃ የምትጠይቀው?»

«ማንንም እጠይቃለሁ።»

«እኔን ስታገባኝስ ምን ማስረጃ ጠየቅህ?»

«አባትሽን ጠይቄያለሁ።»

እሳቸው ይህን ሁሉ ዘልለው ቀጠሉ። «ግራ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። ቀኙም እየጀመረው ነው። ሐኪሙ እንቅደደው ይላል፤ እኔ ቢላ ዓይኔ ውስጥ አላስገባም። ቀኙ ሳይሄድ ድንጋዬን ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ከአንተ የምሻው ነገር የለም።»

ሰው ይህን ካለ በኋላ እንቢ ማለት አይቻልም፤ እሺ ማለትም ሕግን ያፈርሳል። ስለዚህ ምርመራ ጀመርኩ።

መናኸሪያው አጠገብ የቀድሞ ወታደሮች የሚቀመጡበት ሻይ ቤት አለ። እዚያ ሄጄ ስለ መድፈኛ ምልክት ጠየቅኩ። አንዱ አሞራ ነው አለ። ሌላው ነብር ነው ብሎ ማለ። ሦስተኛው ምልክት የሚባል ነገር አልነበረንም፣ ያለን ቅማል ብቻ ነበር አለ። ከሁሉም ያመንኩት እሱን ነው፤ ግን የነበረው በእግረኛ ጦር ውስጥ ነው። በዚያ ሻይ ቤት፣ በጦርነቱ ጊዜ ወጥ ቤት ሆኖ ያገለገለ አንድም ወታደር አላገኘሁም፤ ሁሉም መትረየስ ተኳሾች ናቸው። ያን ሁሉ ሠራዊት ማን እንዳበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለ ጦርነቱ የተጻፉ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተሾመ፣ የቱ ኮረብታ በማን እጅ እንደገባ ይናገራሉ። ምን እንደለበሱ የሚናገር የለም። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያለችው ሴት ልጄ፣ ኔትወርክ በመጣ ቀን፣ ከኢንተርኔት ያገኘችውን የመድፈኛ ምልክት በስልኬ ላከችልኝ። ሁለት የተመሳቀለ መድፍ፣ ከላዩ በጎን የቆመ አንበሳ። አፍንጫው ወደ ግራ፣ አንድ እግሩ ከፍ ያለ፣ ጎፈሩ እስከ ደረቱ የወረደ። ልክ እንደተነገረኝ ነው።

በትርፍራፊ እብነ በረድ ላይ ለሙከራ ቀረጽኩት። ጎፈሩን ጸጉር በጸጉር አወጣሁት። ራሴን ማመስገን አልወድም፣ ሚስቴም አታመሰግነኝም፤ ያን ቀን ግን አንገቷን ነቅንቃ «አንበሳ ነው» አለች።

ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ቁራጩን ድንጋይ አንስተው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ በአፍንጫው ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሌላው ዓይኑ የት አለ?»

«በዚያኛው በኩል ነው ጋሼ! በጎን ስለቆመ ነው!»

«አውቃለሁ በጎን እንደቆመ። አንተ ቤተ ክርስቲያን ትገባለህ?»

«እገባለሁ!»

«ግድግዳውን አይተኸዋል? ቅዱሳኑ እንዴት ነው የተሳሉት?»

«ፊት ለፊት!»

«ስንት ዓይን አላቸው?»

«ሁለት!»

«በጎን ዞሮ፣ አንድ ዓይኑን ደብቆ የተሳለውስ ማነው?»

መልሱን ማንም ያውቀዋል። በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ያይሃል፤ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ወታደሮችም እንደዚያው ናቸው። ይህን እያወቅኩ ነው አንበሳውን የቀረጽኩት፤ አንበሳ በዚህ ክርክር ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ይኼ የወታደር አንበሳ ነው እንጂ ቅዱስም ሰይጣንም አይደለም!» አልኳቸው። «ማስረጃውም ይኸው!»

«መቃብሬ ላይ አንድ ዓይን አይወጣም» አሉ፤ ጋቢያቸውንም ትከሻቸው ላይ መልሰው ሄዱ። ምሳ ቀርቦ ነበር። የሚስቴ ወንድም ከቤቴ ምሳ ሳይበሉ ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሚስቴ ምሳውን አነሣችው፤ የእኔንም ጭምር።

ማታ መኝታ ስታነጥፍ፣ «ጋሼ ደጀን ከተማ አንድ ጓደኛ ነበረው» አለች። «አብረው በአንድ መድፍ ላይ የነበሩ ናቸው። ጎሚስታ ነው፣ ጎማ ይጠግናል። እናታችን የሞተች ጊዜ ለቅሶ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ስሙን አያነሣም።»

«ምን ተጣሉ?»

«ቀልድ ነው ይላሉ። በለቅሶ ቤት።»

በለቅሶ ቤት መቀለድ ነውር ነው። ይህንኑ ልነግራት ስል «ተኛ» አለችኝ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት ደጀን ወረድኩ። ከአባይ በረሃ ሲወጣ ጎማው በፈነዳ አንድ ተሳቢ ሥር ጎሚስታው ተቀምጠው በመዶሻ ቸርኬ ሲመቱ አገኘኋቸው። ፈርጠም ያሉ፣ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ግራሶ የተቀባ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«የባትሪያችሁ ምልክት ምን ነበር?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «ድመት» አሉ።

«የለም አባቴ፤ አንበሳ ነው የተባልኩት።»

«ማን አለህ?»

«የደብረ ኤልያሱ መድፈኛ። እኔ የእህታቸው ባል ነኝ።»

ሳቃቸውን ለቀቁት። ሾፌሩም ረዳቱም ዞረው አዩን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲያበቃ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝና ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ።

የባትሪው አዛዥ አንድ ቀን የምልክቱን ንድፍ በወረቀት ይዞ መጣ፤ በመድፎቹ ጋሻ ላይ፣ ማለትም ተኳሾቹን በሚከልለው ብረት ላይ፣ ይሳል አለ። «ሥዕል የሚችል አለ?» ሲል እጁን ያወጣው የኤልያሱ ልጅ ነው። ከቅኔ ቤት ጠፍቶ የተቀጠረ፣ ከአንድ ሠዓሊ ቄስ ሥር ሆኖ ቀለም ሲፈጭ የኖረ ልጅ ነበር። አዛዡ የሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነው፤ «ዘውድ እንዳታደርግበት!» ጊዜው ለዘውድ አልነበረም።

«ዘውድስ አላደረገም» አሉ ጎሚስታው። «ወረቀቱ ላይ ያለው አንበሳ ግን በጎን ነው የቆመው። እሱ ፊት ለፊት አዞረው። ክብ ፊት፣ ሁለት ትላልቅ ዓይን፣ ግራና ቀኝ ጺም። ጠዋት ስንነሣ ድመት ታየናለች። አዛዡ መጣ፤ ‹ምንድን ነው ይኼ?› አለው። ‹አንበሳ ነው ጌታዬ።› ‹ድመት ነው! እንደ ወረቀቱ በጎን ሳለው!› ‹በጎን አይሳልም ጌታዬ።› ‹ለምን?› ‹የኛ ነዋ።›»

«የኛ ነዋ?»

«እንደሱ ነው ያለው። የጠላት ቢሆን በጎን ይስለው ነበር ማለት ነው። ሽንት ቤት አስቆፈሩት። የባትሪውን ሽንት ቤት ሁሉ ብቻውን ቆፈረ። ቆፍሮ ሲወጣ ጠየቁት፤ በጎን አይሳልም አለ።»

ወሬው ወደ እግረኛው ጦር ደረሰ። እግረኛው በሬዲዮ የመድፍ እርዳታ ሲጠይቅ «ድመቷን አስጩሁልን» ማለት ጀመረ። መድፈኞቹ አፈሩ። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ ጠላት ከፊት የነበሩትን እግረኞች ሊከብባቸው ሲል፣ የጋሻው ቀለም በሙቀት እስኪነፋ ተኮሱ። እግረኞቹ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ እግረኛ በመድፉ አጠገብ ሲያልፍ የድመቷን ግንባር በእጁ ነክቶ እጁን ይስም ነበር። አዛዡም ተወው።

«ማስረጃ አለዎት?» አልኳቸው።

ተቆጥተው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቀለሉ። ክንዳቸው ላይ በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰች ድመት አለች። ከሥሯ ሁለት መድፍ ተመሳቅሏል።

«የነቀሰኝ እሱ ራሱ ነው።»

ቆዳው ሲሸበሸብ ድመቷም አርጅታ ነበር። በሁለት ጣታቸው ወጥረው ያዙልኝ፤ ወጣት ሆነች። በስልኬ ፎቶ አነሣኋት።

ስለ ጠቡ ጠየቅኋቸው። «ለቅሶው ላይ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ‹ድመቴ!› ብዬ አቀፍኩት። ለቀስተኛው ሰማ፤ ከዚያ በአገሩ በሙሉ ድመት ተባለ። ይቅርታ ጠይቄው ነበር እኮ። በኋላ ሳስበው ግን የጠየቅኩት በቀኝ ጆሮው በኩል ነው።»

ወደ ማርቆስ ስመለስ ነገሩ በእኔ በኩል አልቆ ነበር። ማስረጃው በእጄ ነው፤ በሰው ቆዳ ላይ የተጻፈ፣ በዓይን ምስክር የጸና። ሕጌ የሚለው ድመት ቅረጽ ነው። የቀረው፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ አንበሳቸውን ለማየት ለሚጓጉ ሽማግሌ ይህን መንገር ብቻ ነበር። እውነት የሚናገር ሰው አይፈራም እያልኩ ልጆቼን አስተምሬአለሁ። ወደ ደብረ ኤልያስ ለመሄድ ግን ብዙ ምክንያት እየፈጠርኩ ዘገየሁ።

ስደርስ አውድማ ዳር ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸው። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ክንዱ ቀጥኗል» አሉ።

«የነበረው ይኼ ነው ጋሼ! ድመት ነው ይላሉ!»

የሚወቁት ጎረቤቶች በሬዎቹን አቁመው ተመለከቱን።

«ጮኸህ አትናገር፤ ጎረቤት አለኝ።»

«ዝግ ብዬ ብናገር አይሰሙኝም!»

ስልኩን መለሱልኝ። «እኔ አንበሳ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት አንበሳ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ከጻድቁ እግር ሥር የተቀመጡትን ነው። እነሱ እንደዚህ ናቸው። ፊታቸው ክብ ነው፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ በፊታቸው ቆሞ ጸልዮአል፤ አንድ ቀን ድመት ያላቸው የለም። እኔ አንበሳ ነው የሳልኩት። ድመት ያሉት እነሱ ናቸው።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ የምትቀርጸው የነበረውን ነው ወይስ ሰው ያለውን?»

ራሴን ሳስተምር ይህን ትምህርት ዘልዬው ኖሯል። ያየሁት ንቅሳት ድመት ይመስላል፤ የሳለው እጅ ግን አንበሳ ነበር የሳለው። ሁለቱም ተረጋግጧል። በድንጋዩ ላይ ያለው ቦታ ግን ለአንድ እንስሳ ብቻ ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ይሳሉት!» አልኳቸው። «እጅዎ ያስቀመጠውን መስመር እቀርጻለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም!»

ማክሰኞ መጡ። ድንጋዩን ግድግዳ አስደግፌ፣ ከፊቱ ጆንያ አንጥፌ፣ የአናጢ እርሳስ ቀርጬ ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድንጋዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ የሳሉት ሁለቱን ዓይኖች ነው። ከዚያ ፊቱን በዓይኖቹ ዙሪያ አመጡት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያቆማሉ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀጥላሉ። ጎፈሩን እንደ ብራና ሐረግ ጠምዝዘው ጠምዝዘው አወጡት። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢም አላልኳት፣ ተመለሽም አላልኳት።

ሲጨርሱ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ያየሁት ድመት ነበር። ከደጀኗ ትንሽ ወፈር ያለች፣ ጎፈር ያወጣች ድመት።

«አንበሳ መሰለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሚስቴ አየችኝ። እውነት መናገሬ ምን ያህል እንዳስከፈላት እሷ ታውቃለች። ወደ ግራ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ፣

«ሁለቱም ዓይን እኩል ነው ጋሼ!» አልኩ።

«እሱን አውቃለሁ። አንበሳውን ነው የጠየቅኩህ።»

ማምለጫ አልነበረም። «የእናንተ ነው!» አልኳቸው። «የባትሪያችሁ ነው!»

በቀኝ ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ እርሳሱን መለሱልኝና «በል ጥልቅ አድርገው» ብለው ምሳውን ጠየቁ። ያን ቀን በሉ። እኔም በላሁ።

መስመራቸው በተንቀጠቀጠበት እኔም መሮዬን አንቀጠቀጥኩ። ከዚያ የሚከብድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ቀጥ ያለ መስመር ማንም ያወጣል። በስማቸው ሥር የልደታቸውን ዓመት ጻፍኩ፤ የሞታቸውን ቦታ ክፍት ተውኩ።

በተዝካሩ ዕለት ጎሚስታው ከደጀን መጡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ በየትኛው ጆሮ በኩል መቆም እንዳለባቸውም ነግሬአቸዋለሁ። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወደ ዳሱ ሲያመራ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋዩ ፊት ቀሩ። ጎሚስታው ወደ ግራ ጆሮ ተጠግተው፣

«ይቅር በለኝ!» ብለው ጮኹ። ካህናቱ ቆመው ዞሩ።

«በምን?»

«በድመቷ!»

«የታለች ድመት?» አሉ ጋሼ፣ ድንጋዩን በበትራቸው እያመለከቱ።

ጎሚስታው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ክንዳቸውን ወጥረው ከድንጋዩ ጋር አስተያዩ። አንዴ ክንዳቸውን፣ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ የጓደኛቸውን ፊት አዩ።

«የለችም» አሉ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የተነገረ ነገር ስለሆነ እውነት መሆኑን ለማጣራት ድንጋዩን እኔም እንደገና ተመለከትኩት። የማርመው ነገር አላገኘሁም።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን በአንዱ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ በሌላው። ጣታቸው ጥፍሩ እስኪሸፈን ገባ።

«ጥልቅ ነው» አሉኝ። «ቀኙ ዓይኔ ቢሄድም አገኘዋለሁ።» ከዚያ የጓደኛቸውን ክንድ፣ ድመቷ ያለችበት ላይ ይዘው፣ የራሳቸውን የተዝካር ጠላ ለመጠጣት ወደ ዳሱ ሄዱ።

ቀኙ ዓይናቸው ዘንድሮ ሄዷል። በበዓል ቀን ሰው እየመራቸው ድንጋዩ ዘንድ ይደርሳሉ፤ በጣታቸው ሁለቱን ዓይኖች ይፈልጋሉ፣ ያገኛሉ፣ እጃቸውን ይስማሉ። ከሥር የተውኩት ክፍት ቦታ እስከ አሁን ክፍት ነው።